እሁድማ ማን ያቅተዋል?

ከቤት ስትወጡ ታማትባላችሁ አይደል? ጥሩ። ጭሮ መናኸሪያ በር ላይ ገና ጎህ ሲቀድ ብትቆሙ የሚያማትበው ሲያማትብ፣ “ቢስሚላሂ” የሚለውም “ቢስሚላሂ” ሲል ትሰማላችሁ። ረዳቱ “አዋሽ! አዳማ! አዲስ አበባ!” እያለ ይጮሃል፤ ሆጃ የምታፈላዋ ሴት ከሰሏን ታራግባለች፤ ከገጠር በአህያና በባጃጅ የመጣው ጫት ወደ አይሱዙ ይጫናል … ሁሉም ግን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ፈጣሪውን ይጠራል። እስቲ ልጠይቃችሁ … ያቺ ማማተብ ከዚያ በኋላ እስከ የት ትደርሳለች? እስከ ሱቁ? እስከ ሚዛኑ? ወይስ ከቤታችን ደጃፍ ሳታልፍ እዚያው ትቀራለች?

ይህን የምለው ሰባኪ ሆኜ አይደለም። ስብከቱን የሚችሉበት አሉ፣ እድሜ ይስጣቸው። እኔ የማወራችሁ ስለ ሰኞ ነው። እሁድማ ማን ያቅተዋል? ነጠላ አጣፍቶ፣ ጫማ አውልቆ፣ ከሕዝቡ ጋር አብሮ መስገድና አብሮ መቀበል ነው። ዜማው ራሱ ይዞን ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት ግን ቄስ የለም፣ ዲያቆን የለም፣ ከበሮም የለም። ያሉት ሻጩ፣ ገዢውና በመሀላቸው ያለችው ሚዛን ብቻ ናቸው። እግዜርም አለ እንጂ! እሱን ነው እኮ የምንረሳው።

ከመሐላው ልጀምር። የእኛ አገር ሰው ሲምል አይጣል ነው። ሐረርጌ ውስጥ ክርስቲያኑም “ወላሂ” ይላል፤ እንደ “አቦ” ከአፉ የማይለይ ቃል ሆኗል። አንድ ጊዜ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር የሚጠጣ ጎረምሳ ባለሱቅ ለአንዲት የገጠር እናት ነጠላ ጫማ ሲሸጥ አጠገቡ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ “ወላሂ” ብሎ ማለ። አላመነችውም። “በማርያም” አለ። አሁንም ዝም አለች። ከዚያ አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ ሳብ አድርጎ አሳያትና “በዚህ ይዤሻለሁ፣ ከገዛሁበት ብር እንኳ አላተረፍኩም!” አላት። ሴትየዋ ሙስሊም ናት። ማተቡ ምኗም አይደለም፤ ግን አመነችው፤ ከቀሚሷ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ ከፈለች። እሷ እንደሄደች ልጁ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። ያቺ ጥቅሻ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። ጌታ በተራራው ስብከት ስለ መሐላ ያስተማረውን ሁላችንም ሰምተናል፤ አዎን ካልን አዎን፣ አይደለም ካልን አይደለም እንዲሆን ነው ነገሩ። ታዲያ ማተብ ያሰረ ሰው ቃሉ ብቻውን የማይታመን ከሆነ፣ የታሰረው ማተብ ነው ወይስ ሰውየው?

ኑሮው ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ዘይት፣ ስኳር፣ ኪራይ … ሁሉም ሽቅብ ነው። “ሳይዋሽ የሚነግድ የለም” የሚሉኝ ነጋዴዎች ብዙ ናቸው። እኔ ደግሞ አንድ ሳይዋሽ የሚነግድ ሰው አውቃለሁና አይዋጥልኝም። እህል ነጋዴ ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ። በቆሎው የነቀዘ ከሆነ “ይሄ ነቅዟል፣ ለዶሮ ካልሆነ አትውሰጂ” ይላሉ። ሀብታም ናቸው አልላችሁም፤ አይደሉም። ጎረቤታቸው ያለው ሱቅ ፎቅ ሠርቷል፣ እሳቸው ጣራቸው ያው የጥንቱ ቆርቆሮ ነው። ነገር ግን ልጅ ተልኮ እንኳ ቢሄድ የሚሰጡት መጠን አያንስም። እናቶች “እሳቸው ጋ ሂድ” ብለው የሚልኩት ለዚህ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የሚናገረውን በቃል የሚያነበንብ ስንት ሰው አለ! እሳቸው ሲጠቅሱት ሰምቼ አላውቅም። ይሠሩታል።

አሁን ደግሞ ወደ ትልቁ ጉዳችን ልምጣ፤ ወደ ታኅሣሥ ገብርኤል። የቁልቢ ንግሥ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ነው። ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ ከ1888 ዓ.ም. ድል በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ይነገራል፤ የቁልቢ ነገር ከመነሻውም ስእለት ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ምእመን በአዋሽና በሚኤሶ አልፎ፣ ጭሮና ሂርናን አቋርጦ ነው የሚወጣው። በመኪና የሚያልፈው ያልፋል፤ በእግሩ የሚሄደውም አለ። እግሩ ያበጠ፣ ከንፈሩ የደረቀ፣ ጃንጥላና ውሃ መያዣ የተሸከመ ሰው በከተማችን ሲያልፍ እናያለን። መልአኩ በደጃችን እንግዳ ሰደደልን ማለት ነው … ነው ወይስ ገበያ ሰደደልን?

በዚያ ሳምንት የአልጋ ዋጋ ምን እንደሚሆን ለጭሮ ሰው አልነግረውም። ከግድግዳው ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል የተሰቀለበት ሆቴል ውስጥ፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣው መልአክ ቁልቁል እያየ፣ ለገብርኤል የሚሄደውን መንገደኛ የአልጋውን እጥፍ የሚያስከፍል አለ። የገበያ ሕግ ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ። ግን ያው ባለ ሆቴል በበዓሉ ማግስት ጧፍና ዣንጥላ ይዞ ቁልቢ ሲያስገባ ካየሁ በኋላ፣ ያ ዣንጥላ በማን ገንዘብ እንደተገዛ ማሰቤን መተው አልቻልኩም። በሌላ በኩል ደግሞ አንዲት ጠላ ሻጭ አለች፣ ከመንገድ ዳር። በዚያ ሰሞን ከበሯ ፊት ለፊት በርሜል ሙሉ ውሃና ሁለት ጣሳ ታስቀምጣለች። ማንም ሳይጠይቃት ለመንገደኛው እግር መታጠቢያ ሳፋም ታወጣለች። ቁልቢ ሄዳ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። “መሳፈሪያውን አጠራቅምና ሌላ ነገር ይመጣል” አለችኝ፤ ሳቀች።

ስለ ሹፌሮቻችን ብዙ አልልም፣ ልቤ ይደማል። ጫት ከተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ ጉልበቱ ያልቃል፤ ስለዚህ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ውሃ ተረጭቶበት፣ ሌሊቱን ይበራል። ሕዝቡ እነዚያን አይሱዙዎች “አልቃይዳ” ብሎ የሰየማቸው በከንቱ አይደለም። መስታወቱ ላይ ግን “ኃይሌ መድኃኔዓለም” ወይም “ማሻአላህ” ተጽፏል። ሥዕል የለጠፈ ሹፌር ፍጥነቱን በዚያችው ጣቱ ቢቀንስ፣ ለሚወዳት እመቤት ከዚያ የበለጠ ምን ስጦታ ይሰጣል? ያንን የአርበረከቴ ጠመዝማዛ በሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያ መንገድ የቀረ የሰው ልጅ ብዙ ነው … ለዛሬው ዋና ወሬዬ መነሻም እሱ ነው።

ይኸውላችሁ፣ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ባሏ ሹፌር ነበር። ሌሊት ወጥቶ አልተመለሰም። ሦስት ልጆች ጥሎባት ነው የሄደው። በዕድሜ ለእኔ ታላቅ እህት ትሆናለች፣ “እትዬ” እላታለሁ፤ ግን በአገራችን ደንብ “አንቺ” ነው የምላት። (የመሀል አገር አንባቢ እንዳይታዘበኝ፤ ሐረርጌ ውስጥ አንቱታ ብዙ አይወደድም፣ “አንተ” እና “አንቺ” የፍቅር ነው።) እትዬ ጫት ትሸጣለች። ከመንገድ ዳር፣ በጆንያ ላይ ዘርግታ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና። አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ እንዲህ አለችኝ፦

“አንቺ ጋዜጣ ላይ የምትጽፊው … እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰው ጫት እየሸጠ መቁረብ ይችላል?”

ደነገጥኩ። ጥያቄው የእኔ አይደለማ። “የንስሐ አባትሽን አልጠየቅሽም?” አልኳት።

ጠይቃለች። ንስሐ አባቷ አልጮኹባትም፣ አላዋረዷትም። ብዙ አባቶች ጫትን አጥብቀው እንደሚያወግዙ ታውቃላችሁ፤ በጭሮም በገለምሶም በበዴሳም ዓውደ ምሕረት ላይ የማይነሳበት ጊዜ የለም። እሳቸው ግን ቀስ ብለው “ሌላ እንጀራ ፈልጊ ልጄ፣ እስከዚያ ታገሺ፣ እኔም እጸልይልሻለሁ” አሏት። እሷም “እሺ አባቴ” ብላ መስቀል ተሳልማ ተመለሰች። “ጸሎታቸው ደግ ነው” አለችኝ ስኒዋን እያሽከረከረች፣ “ኪራይ ግን ወር በሞላ ቁጥር ይመጣል።”

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት አልጽፈውም ነበር። ነገር ግን የመጨረሻ ልጇ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄዳል። ይቆርባል። እሷ ሌሊት ቀስቅሳ፣ ፊቱን አጥባ፣ ነጠላ አልብሳ ይዛው ትሄድና እሱ ሥጋ ወደሙን ሲቀበል እሷ ከኋላ ትቆማለች። አንድ እሁድ ሲመለሱ “እማዬ፣ አንቺ ለምንድነው የማትቆርቢው?” አላት። ምን ብላ ትመልስለት? ደብተሩን፣ ጫማውን፣ ያንን ነጠላ ራሱን የገዛችው በጫት ብር ነው። “ዝም አልኩት” አለችኝ። “እሱ ግን ገባው መሰለኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የትምህርት ቤት ብር ሲጠይቀኝ ያፍራል።”

አንባቢያን ሆይ፣ ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። “ታዲያ ለምን አትተወውም?” ይላል። እስቲ የሥራውን ጠባይ ልንገራችሁ። ድንች ወይም ሽንኩርት ለመነገድ መነሻ ገንዘብ ያስፈልጋል። ጫት ግን ጠዋት በዱቤ ይሰጣል፤ ቀን ሸጠሽ ማታ ትከፍያለሽ፣ የተረፈው ያንቺ ነው። ምንም የሌላት ሴት ዛሬውኑ ልትጀምረው የምትችለው ንግድ እሱ ብቻ ነው። ካልተሸጠ ግን ነገ ገራባ ነው፣ ለፍየል። እትዬ ሽንኩርት ሞክራ ነበር። ክረምት ነበርና ጆንያው ውስጥ በሰበሰባት፤ መነሻዋ በሦስት ሳምንት አለቀ። ወደ ጫቱ ተመለሰች።

እሷ ብቻም አይደለችም። የጨርጨር ገበሬም ያው ነው። ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚለቀመው፤ ጫት ውሃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል። መሬቱ ለልጅ ልጅ ሲካፈል ጠቧል። እንደ 2008 ዓ.ም. ያለ ድርቅ ሲመጣ ማሽላው ይቀራል፣ ጫቱ ይተርፋል። ያ ስመ ጥር የሐረር ቡና ከየማሳው እየተነቀለ ጫት የተተከለው ገበሬው ኃጢአት አምሮት አይደለም። እንግሊዝ በ2006 ዓ.ም. ጫትን ከልክላለች፤ እዚህ ግን ግብር የሚከፈልበት፣ ደረሰኝ የሚቆረጥበት ሕጋዊ ሸቀጥ ነው። የወረዳው በጀት፣ የመምህሩ ደመወዝ፣ የሆቴሉ ገቢ … ቆፍራችሁ ብታዩት ሥሩ ላይ ቅጠል አለ። እና ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሙዳየ ምጽዋቱም ውስጥ አለ። ብሩን ማንም አያሸተውም። በአይሱዙ የሚጭነው ትልቅ ነጋዴ ቆርቆሮ ሲያበረክት ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ ፊት ለፊት ወንበር ይሳብለታል። በጆንያ ላይ ዘርግታ የምትሸጠው መበለት ግን ከኋላ ትቆማለች። ይህ ለእኔ አይገባኝም። አባቶችን ለመዝለፍ አይደለም የማነሳው። ሕጉ ሕግ ከሆነ ግን ለሁለቱም እኩል ይሁን ባይ ነኝ።

ጫቱ ልክ ነው እያልኩም አይደለም። በበርጫ ቤት የቀሩ የክፍል ጓደኞቼን በጣቴ ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። በዓርብ ጾም ቅሞ ውሎ “ምግብ እኮ አላሰኘኝም፣ ጾሜን ዋልኩ” የሚል ጉደኛም አውቃለሁ። ምርቃና እንደ ጾም ከተቆጠረ ፍየሉም ይጾማል ማለት ነው! ከዚህ የባሰው መርጨቱ ነው። ጫት ላይ ዲዲቲና ማላታዮን እየረጨ፣ መርዙ ሳይለቅ በሁለትና በሦስት ቀኑ ቆርጦ የሚሸጥ አለ። ቅጠሉ አይታጠብም፣ በቀጥታ ወደ አፍ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ክርስቲያን ቢሆን፣ ባይቆርብ ይሻለዋል የምለው እሱን ነው እንጂ እትዬን አይደለም።

ታዲያ ምን ልመልስላት? ቄስ አይደለሁም፣ “ቁረቢ” ማለት አልችልም። “አትቁረቢ” የሚላት ደግሞ ቀድሞ ተገኝቷል። ያወራሁት በእጃችን ስላለው ነገር ነበር። “ከዛሬ ጀምሮ ያለሽውን ቀን በምን ትጀምሪዋለሽ?” አልኳት። ቤተ ክርስቲያናችን ለቀንና ለሌሊቱ ሰባት የጸሎት ጊዜ ሠርታለች፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። መንገድ ዳር የተቀመጠች ሴት መጽሐፍ ገልጣ ሰባቱን ልታደርስ አትችልም። ግን በ6 ሰዓት ስቅለቱ፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት እንደሚታሰብ ታውቃለች። የመስጊዱ አዛን ሲሰማ ጎረቤቷ ተነስታ ትሰግዳለች አይደል? አዛኑ ለእሷም ሰዓት ይነግራታል። ያኔ እሷ በልቧ አባታችን ሆይ ትበል። አንድ ጊዜ። ሳትቸኩል። “በጫት ፊት?” አለችኝ። “በጫት ፊት” አልኳት። ቀራጩ ማቴዎስ የተጠራው እኮ ከመቅረጫው ላይ ተቀምጦ ነው።

እሷም አንድ ነገር ጨመረችበት፣ ከእኔ ያልሰማችውን። ለተማሪ መሸጥ አቆመች። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ሲመጣ “አልቋል” ትላለች፤ ቀጥሎ ደግሞ “አልቋል” ማለቱም ውሸት ነው ብላ ተጨነቀችና “ላንተ አልሸጥም” ማለት ጀመረች። የሰደባት አለ። ገቢዋም ቀነሰ። አጠገቧ ያለችው ሌላ ሻጭ “አንቺ ባትሸጪለት ከእኔ ይገዛል፣ ምን ለወጥሽ?” አለቻት። እትዬ የመለሰችላት ወድጄላታለሁ፦ “ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ። የእኔ ልጅም ዩኒፎርም አለው።”

እዚህ ላይ ስለ ጎረቤቶቻችን ማውራት አለብኝ፤ ያለ እነሱ የእኛ ክርስትና አይታሰብም። በዞናችን አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው። ሥጋችን ይለያያል፤ ሰርግና ተዝካር ሲኖር ሁለት ሰንጋ በሁለት እጅ ይታረዳል፣ ድስቱም ቢላውም ይለያል። ይህን እንደ ጠብ የሚያየው ሩቅ ያለ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ለሙስሊም እንግዶች በሙስሊም እጅ አሳርዶ ማብላት የባለቤቱ ክብር ነው፤ እነሱም ለእኛ እንደዚያው። ለቅሶ ሲሆን አፎሻው ድንኳን ይተክላል፣ ማን በየት ይሰግዳል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ክፉ ቀን አልመጣብንም ማለቴ አይደለም፤ መጥቷል፣ ቁስሉም አልዳነም። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ወሰን በነበረው ግጭት የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ዞናችን ሲፈስ፣ ሰዉ ብርድ ልብሱን ለሁለት የቀደደበትንም አይተናል።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ ጾሞች ገጠሙ። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን በአምስት ቀን ተከተለ። እንዴት ያለ ወር መሰላችሁ! ከተማው በቀን ጸጥ ይላል። እኛ እስከ 9 ሰዓት፣ እነሱ እስከ ማፍጠሪያ። የግቢያችን እናት አዴ (ሙስሊም ናት፣ የሁላችን እናት ናት) እኔ ከቅዳሴ ስመለስ አይታ “አንቺ ዛሬ ውሃ መጠጣት ትችያለሽ አይደል? እስቲ ስለ እኔም ጠጪ” ትለኛለች እየሳቀች። ማታ ማታ ለማፍጠሪያ የምትጠብሰውን ሳምቡሳ ለእኛ ምስር ብቻ ያለበትን ለይታ ትልካለች። ጾም መሆናችንን አትረሳም። ከእኛ መሀል ስንቱ ነው የሠራተኛውን ጾም የሚያስታውስ?

አዎ፣ ሠራተኛ ካልኩ አይቀር። ከቦኬ፣ ከዳሮ ለቡ ገጠር የመጡ የሰው ቤት ልጆች በየቤታችን አሉ። እሜቴ ነጠላዋን ለብሳ ኪዳን ስትሄድ ልጅቷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ክርስቲያን ከሆነች ቅዳሴ አስቀድሳ አታውቅም፣ እሁድ ወጥ ይሠራላ! ሙስሊም ከሆነች የስግደት ሰዓቷን የሚጠይቃት የለም። ደመወዟ “አጠራቅሜልሻለሁ” ይባልና ዓመት ይሞላዋል። ስላልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ሐዋርያው ያዕቆብ የጻፈውን መልእክት የመጨረሻ ምዕራፍ እስቲ ዛሬ ማታ አንብቡት። ሳታነቡ አትተኙ። አንብባችሁ ደግሞ ሳትከፍሉ አትተኙ።

ወደ እትዬ ልመለስ። አንድ ቀን በአዴ ቤት የዕቁብ ቡና ላይ የልጁ ጥያቄ ወጣ። እኔ አላወጣሁትም፤ ራሷ ተናገረች። ሴቶቹ ዝም አሉ። ግማሾቹ ሙስሊሞች ናቸው፣ ቁርባን ምን እንደሆነ እንኳ በደንብ አያውቁም። አዴ ግን “ልጅ በእናቱ ካፈረ ቤት ፈረሰ” አለችና የዚያን ሳምንት ዕጣ፣ የራሷን ተራ፣ “ለእሷ ይሁን፣ የእሷ ሲደርስ እኔ እወስዳለሁ” አለች። አዴ ራሷ ያንን ብር ለጣራ ክዳን እየጠበቀች እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ማንም አላጨበጨበም። ዕቁብ ሰብሳቢዋ ቆጥራ ሰጠች፣ ቡናው ቀጠለ።

በዚያ ብር እትዬ ምጣድና አንድ ኩንታል ማሽላ ገዛች፣ ትንሽ ጤፍ ጨመረችበት። ሌሊት 10 ሰዓት ትነሳለች፤ መብራት ካለ በመብራት፣ ከሌለ በእንጨት ትጋግራለች። መብራት የሌለበት ቀን ይበዛል። ለሁለት ምግብ ቤቶች ታስረክባለች፤ አንዱ በጊዜው ይከፍላል፣ ሌላው “ነገ” ይላል። (የሚለው ሰውዬ የሰንበቴ ሰብሳቢ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ይህን ካነበበ ራሱን ያውቃል፣ ብሩም ብዙ አይደለም።) ጫቱን ሙሉ በሙሉ አልተወችም። በሳምንት ስድስት ቀን የነበረው ሦስት ቀን ሆኗል። ኪራዩ የሚሸፈነው አሁንም በእነዚያ ሦስት ቀናት ነው።

ለንስሐ አባቷ ነገረቻቸው። “ስድስት የነበረው ሦስት ሆነ?” አሉ። “አዎ አባቴ።” “ሦስቱ ሁለት ሲሆን ንገሪኝ” አሏት። ቁጣ የለ፣ ጥድፊያ የለ። እኔ እንዲህ ያለ አባት ደስ ይለኛል።

ለመጪው ፍልሰታ አስባለች። ትደርስ እንደሆነ እኔም እሷም አናውቅም፤ ሦስተኛ ምግብ ቤት ካገኘች ይሆናል ትላለች። ልጁ አሁን ከትምህርት ቤት በፊት እንጀራውን በመሶብ ተሸክሞ ያደርስላታል። ሲያልፍ አይቼው “የማን እንጀራ ነው?” ብዬ ጠየቅኩት፣ እያወቅኩ። “የእናቴ ነዋ!” አለኝ ጮክ ብሎ። ምግብ ቤት ያላችሁ የጭሮ አንባቢዎች ካላችሁ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። እንጀራዋ ለስላሳ ነው፤ የማሽላ ስለሆነ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፣ እስከ ማግሥቱ ግን አይደርቅም።